የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል ማደግና የአስቀማጮች ዋስትና

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው መመሪያ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጓል። በሥራ ላይ ለነበሩ ባንኮች የተሰጠው የማሟያ ጊዜ እ.ኤ.አ እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ነው። መጠኑ እ.ኤ.አ በ1999 75 ሚሊዮን ብር የነበረ ሲሆን፣ በ2011 ደግሞ ወደ 500 ሚሊዮን ብር አድጎ ነበር።

ካፒታል ባንኩ ከሚሠራበት ገንዘብ ውስጥ የባለአክሲዮኖች የሆነው ክፍል ነው። ተበዳሪዎች ዕዳቸውን መክፈል ሲያቅታቸው ኪሳራው በቅድሚያ የሚያርፈው በዚሁ ገንዘብ ላይ ነው። ካፒታሉ ተሟጥጦ ሲያልቅ ግን አደጋው ወደ አስቀማጮች ይሸጋገራል።

ይሁን እንጂ የካፒታል መብዛት ብቻውን የባንክን ጤናማነት አያረጋግጥም። በዚህም ምክንያት ከዝቅተኛው ካፒታል ሌላ የካፒታል ብቃት ምጣኔ የሚባል መለኪያ አለ። ምጣኔው ካፒታልን ባንኩ ከሰጠው ብድርና ከሌሎች ሀብቶቹ የስጋት መጠን ጋር የሚያነጻጽር ሲሆን፣ በአገራችን ከ8 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል። የባዝል ኮሚቴ እ.ኤ.አ በ1988 ያወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያም ይኸው 8 በመቶ ነበር።

ልዩነቱን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። 5 ቢሊዮን ብር ካፒታል ያለው አንድ ባንክ በስጋት የተመዘነ ሀብቱ 80 ቢሊዮን ብር ቢሆን፣ ምጣኔው 6 ነጥብ 25 በመቶ ብቻ ይሆናል። ባንኩ ዝቅተኛውን ካፒታል አሟልቷል፤ ምጣኔውን ግን አላሟላም። በአንጻሩ 500 ሚሊዮን ብር ካፒታልና 5 ቢሊዮን ብር በስጋት የተመዘነ ሀብት ያለው ባንክ ምጣኔው 10 በመቶ ቢሆንም፣ አዲሱን የካፒታል መጠን አያሟላም።

ባንኮች ካፒታላቸውን የሚያሳድጉት አዲስ አክሲዮን በመሸጥ፣ ትርፍን ሳያከፋፍሉ ወደ ካፒታል በማዛወር ወይም ከሌላ ባንክ ጋር በመዋሐድ ነው። ትርፍን ወደ ካፒታል ማዛወር ባለአክሲዮኖች በጥሬ ገንዘብ የሚያገኙትን የትርፍ ድርሻ ይቀንሳል። ውሕደት ደግሞ የባንኮችን ቁጥር ቢቀንስም፣ ትላልቅ ፕሮጀክቶችን በብድር ለመደገፍ የሚያስችል አቅም ይፈጥራል።

ስለሆነም የባንክን ዓመታዊ ሪፖርት የሚመረምር ኃላፊም ሆነ ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠ ሠራተኛ በካፒታሉ መጠን ብቻ መርካት አይገባውም። ያ ካፒታል ምን ያህል ስጋት እንደተሸከመ የሚያሳየውን ምጣኔም አብሮ መመልከት ይኖርበታል።