ለከብት የሚስማማ የመጠጥ ውኃ ስለ መምረጥ
በደሴና በኮምቦልቻ አገር ላሉ ሹማምንትና ባለ ከብቶች የተጻፈ

ከብት ለባለቤቱ ሀብት፤ ለአገሩም ኃይል ነው። በሬው ያርሳል፤ ላሚቱ ትታለባለች፤ አህያውና በቅሎው ጭነት ያመላልሳሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ለከብቱ መኖ ይጨነቃል፤ ሣሩ ሲያልቅ ጭድ ይገዛል። ስለሚጠጣው ውኃ የሚጨነቅ ግን ጥቂት ነው። ውኃ እስከ ተገኘ ድረስ ጠጥቶ ይመለስ ተብሎ መንጋው ወደ ወንዝ ይነዳል። ከብቱ ሲከሳና ሲሞትም ሣር ያነሰው ይመስላል እንጂ በጠጣው ውኃ የተጎዳ መሆኑን የሚጠረጥር አይገኝም።

አንድ በሬ በሞቃት ቀን ከ30 እስከ 50 ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ የምትታለብ ላም ከዚህም ትበልጣለች፤ በግና ፍየልም ከ4 እስከ 8 ሊትር ይፈልጋሉ። እንግዲህ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ጉዳት ጥቂት ቢሆን እንኳ፣ በቀን 40 ሊትር ለሚጠጣ ከብት በዓመት ምን ያህል እንደሚከማች ማሰብ ይገባል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ክፉ ውኃም ጉዳቱን የሚያመጣው ቀስ በቀስ ነው።

ነገሩ በደሴና በኮምቦልቻ አገር ከሌላው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ከእርስዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የቦርከና ወንዝ ከደሴ ተራሮች ተነሥቶ በከተማዪቱ አጠገብ ካለፈ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያም በሐርቡና በከሚሴ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳ ይደርሳል፤ ውኃውም ወደ አዋሽ ነው። በበጋ ጊዜ ወደ ጨፋ ሣርና ውኃ ፍለጋ የሚወርደው የከብት መንጋ ብዙ ነው። ስለዚህ በላይ ያለው ከተማ በውኃው ውስጥ የሚጥለው ነገር በታች ያለውን ሰውና ከብት ይነካል።

የውኃ መልካምነት በጥራቱ ብቻ አይታወቅም። የደፈረሰ ውኃ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ የጠራ ውኃም ሁሉ ደኅና አይደለም። በክረምት ጎርፍ ያደፈረሰው ውኃ ሲያድር አፈሩ ወደ ታች ይዘቅጣል። ነገር ግን ቀለምና ሽታ የሌለው፣ እንደ መስተዋት የጠራ ውኃ በዓይን የማይታይ መርዝ ወይም የትል ዘር ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ውኃ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ወደ ውኃው ሳይሆን ወደ ውኃው መምጫ ይመልከት፤ «ከዚህ በላይ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ።

አሁን የውኃውን ዓይነት በየተራው እንመልከት።

አንደኛ፣ የምንጭ ውኃ። ከዐለት ሥር የሚፈልቅ፣ ክረምትና በጋ መጠኑ የማይለዋወጥ ምንጭ ከሁሉ ይሻላል። ነገር ግን ከብቱ ዓይኑ ድረስ ገብቶ ከረገጠው፣ አዛባና ሽንት ተቀላቅሎበት ወዲያው ይበላሻል። መፍትሔው ቀላል ነው። የምንጩን ዓይን በድንጋይ ገንብቶ ማጠር፣ ውኃውን በቧንቧ ወይም በቦይ ዝቅ ወዳለ ስፍራ ማውረድ፣ በዚያም ገንዳ ሠርቶ ከብቱን ከገንዳው ማጠጣት ነው። ከገንዳው የሚተርፈውም ውኃ በቦይ ወደ ሩቅ ይፍሰስ እንጂ በዙሪያው ተንጣሎ ረግረግ አይሁን። የገንዳው ዙሪያ በድንጋይ ይነጠፍ፤ ገንዳውም በየሳምንቱ ተጠርጎ ይታጠብ።

ሁለተኛ፣ የረግረግና የኩሬ ውኃ። የቆመ ውኃ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ እነርሱም አልቅትና የጉበት ትል ናቸው። አልቅት ገና ትንሽ ሳለ በዓይን ለማየት እጅግ ያስቸግራል። ከብቱ ሲጠጣ በአፉ ወይም በአፍንጫው ገብቶ በጉሮሮው ላይ ይጣበቅና ደሙን ይመጣል። ከአፍንጫው ወይም ከአፉ ደም የሚያንጠባጥብ፣ የሚያስለውና የሚከሳ ከብት ቢታይ አፉ ተከፍቶ ይመርመር። የጉበት ትል ግን በሌላ መንገድ ይመጣል። የትሉ እንቁላል ከታመመው ከብት አዛባ ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ የተፈለፈለውም በትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ በውኃ ዳር ሣር ላይ ይለጠፋል፤ ከብቱም ከሣሩ ወይም ከውኃው ጋር ይውጠዋል። እንደዚህ ያለው ከብት የዓይኑ ሥር ይነጣል፤ ከመንጋጋው ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል፤ በግ ሲሆን ግን ብዙ ምልክት ሳያሳይ በድንገት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በክረምት መውጫ ረግረጉ ለምለም ሆኖ ሲታይ መንጋውን ወደዚያ መልቀቅ ሣርን አግኝቶ ከብትን ማጣት ነው። ረግረጉን በቦይ ማንጠፍ፣ ካልተቻለም በእሾህ ማጠር፣ ለታመሙትም የእንስሳት ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በጊዜው መስጠት ያስፈልጋል። ደግሞም በሙቀት ጊዜ በኩሬ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፍ ዝቃጭ ከታየ፣ መርዝ ያለበት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ከብቱ ከዚያ አይጠጣ።

ሦስተኛ፣ በከተማ በታች የሚፈስ ወንዝ። የሰው ጉድፍ፣ የገበያ ጥራጊና የቄራ እጣቢ የሚወርድበት ወንዝ ተላላፊ በሽታ ያመጣል። ይልቁንም የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን ቆሻሻ ሁሉ ጠራርጎ ወደ ወንዙ የሚያገባው ስለ ሆነ፣ በእነዚያ ቀኖች መንጋውን ከዚህ ወንዝ ማራቅ ጥበብ ነው። በድንገት የሞተ ከብት ሬሳም ፈጽሞ ወደ ወንዝ አይጣል። ከብቱ በአባሰንጋ ሞቶ እንደ ሆነ፣ ሬሳው ሲከፈት የበሽታው ዘር ወደ አፈሩ ገብቶ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ሬሳው ሳይገፈፍና ሳይከፈት ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ ከውኃም ርቆ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር።

አራተኛ፣ በፋብሪካ በታች የሚፈስ ውኃ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ፤ የቆዳ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎችም አሉ፤ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ፋብሪካ ለአገር ሥራና ገንዘብ የሚያመጣ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም፣ ቆርቆሮ የሚለበጥበትም ዚንክ፣ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ ለከብትም ለሰውም ጉዳት ነው። በከተማዪቱ መካከል እያለፉ ወደ ቦርከና በሚገቡት ትንንሽ ወንዞች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም እነዚህ ማዕድናት በፋብሪካ እጣቢ ውስጥ እንደሚገኙ አሳይተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው መመሪያ፣ በከብት መጠጥ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ክሮሚየም ከ1 ሚሊግራም፣ እርሳስ ከ0.1 ሚሊግራም፣ ዚንክም ከ24 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይባል። የመጀመሪያው፣ እሳት ተውሳክን ይገድላል እንጂ ማዕድንን አያጠፋም። ክሮሚየም ያለበት ውኃ ቢፈላ፣ ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ መርዙ ይልቁን ይጠነክራል። በጨርቅ ማጥለልም አልቅትን ይይዛል እንጂ በውኃው የሟሟውን ማዕድን አያስቀርም። ሁለተኛው፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የወንዙ ውኃ ይጎድላል፤ የፋብሪካው እጣቢ ግን አይጎድልም። ስለዚህ ከብቱ ሌላ ውኃ በሚያጣበት በዚያው ወራት የወንዙ ክፋት ይበረታል።

እንግዲህ ውኃን እንዴት መመርመር ይቻላል? በመጀመሪያ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ በእግር መሄድና የሚገባበትን ቦይና ቱቦ ሁሉ መቁጠር ነው። ቀጥሎ ሽታውን፣ ቀለሙንና አረፋውን ማየት ይገባል። እንቁራሪትና ዓሣ ቀድሞ ይኖሩበት ከነበረው ውኃ ከጠፉ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ከብቱ ቀርቦ አሽትቶ የሚመለስ ከሆነም በግድ አይጠጣ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ጥርጣሬን ያመጣሉ እንጂ ፍርድ አይሰጡም፤ ፍርዱ ከላቦራቶሪ ነው።

ለላቦራቶሪ ውኃ ሲወሰድ አንድ ጠርሙስ አይበቃም። ሁለት ይሁን፤ አንዱ እጣቢው ከሚገባበት በላይ፣ ሁለተኛው ከሚገባበት በታች ይቀዳ። ሁለቱ ሲመሳከሩ ጉዳቱ ከየት እንደ ገባ ይገለጣል፤ በአንድ ጠርሙስ ብቻ ግን ማን እንዳበላሸው አይታወቅም። ለማዕድን ምርመራ ንጹሑ ጠርሙስ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ ለተውሳክ ምርመራ ግን ላቦራቶሪው የሰጠው ጠርሙስ ሳይለቀለቅ ይሞላ። ስፍራው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበት፤ በቀዝቃዛ ዕቃ ሆኖም በዚያው ዕለት ይላክ። ፋብሪካ እጣቢውን ሁልጊዜ በእኩል መጠን ስለማያወጣ፣ ናሙናው በልዩ ልዩ ሰዓት ደጋግሞ ይወሰድ። ስለ ታመመው ከብት አዛባና ደም በኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ይጠየቅ፤ የውኃው ማዕድን ግን መሣሪያው ባለበት የውኃ ላቦራቶሪ ይመርመር።

በዚህ ጉዳይ ከሹማምንት የሚጠበቀው ሥራ ቀጥሎ ያለው ነው። በየቀበሌው የውኃው ተራ ይወሰን፤ ሰው ከላይ ይቅዳ፤ ከብት ከእርሱ በታች ይጠጣ፤ ልብስ ከሁለቱም በታች ይታጠብ። ክፉ የሆነው ስፍራ ምልክት ይደረግበት፤ ነገር ግን ሌላ ውኃ ሳይዘጋጅ ባዶ ክልከላ ብቻ አይነገር። የተጠማ ከብት ያለው ድኻ ትእዛዙን ለመጠበቅ አይችልምና፤ አስቀድሞ ምንጭ ይገንባ፤ ገንዳ ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ ይከልከል። ምንጭ በመሬታቸው ላይ ያላቸውም ጎረቤት ከብቱን ከገንዳው እንዲያጠጣ ቢፈቅዱ የራሳቸውን መንጋ ከተላላፊ በሽታ መጠበቃቸው ነው።

ምርመራው ጉዳቱ ከፋብሪካ መሆኑን ያሳየ እንደ ሆነ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያበላሸው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ስለዚህ ሹሙ የባለ ከብቱን አቤቱታ በቃል ብቻ ሰምቶ አይተወው፤ የሁለቱን ጠርሙስ ውጤት ከአቤቱታው ጋር አያይዞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይላክ። ማስረጃ የሌለው አቤቱታ ክርክር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የተጻፈ ውጤት ግን መልስ ያስገድዳል።

በደሴ ያለው ሰው ወደ ወንዝ የሚጥለውን ቆሻሻ ዳግመኛ አያየውም፤ የኮምቦልቻውም እንደዚሁ ነው። በጨፋ ሜዳ ላይ ያለው እረኛ ግን የሁለቱን ከተሞች ሥራ በመንጋው ጤና ያየዋል። ውኃ ወደ ላይ ተመልሶ ስለማይሄድ በታች ያለው ሰው በላይ ያለውን ለመጠበቅ አይችልም፤ በላይ ያለው ግን በታች ያለውን ለመጠበቅ ይችላል። ስለዚህ ውኃን መምረጥ የእረኛው ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ በወንዙ ራስ ላይ የተሾመው ሰው ሥራ ነው።