ቦርሳ አዝሎ መሄዱስ ቀላል ነው፤ መመለሱ እንጂ

ከጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ በቬርኒዬ ኮሚዩን ውስጥ ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገነቡ፣ ደማቅ ቀለም የተቀቡ ሕንፃዎች ከ2,000 በላይ መኖሪያ ቤቶችን ይዘው እየተጠማዘዙ የተደረደሩበት ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ የሚኖሩ ባልና ሚስት ሥራቸውን ለቅቀው፣ የጀርባ ቦርሳ አዝለው እስያን ወይም ደቡብ አሜሪካን ለአንድ ዓመት ሊዞሩ ቢነሡ መሄዱ ከደጃፋቸው ይጀምራል። ስለ እንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር መንገዱን የሚመለከት ነው፤ የትኛው አውቶቡስ፣ የት ማደር፣ ምን ክትባት። መመለሱ ከተነሣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ የስሜት ጉዳይ ይሆናል፤ አገሬ እንግዳ ሆነችብኝ፣ የሚረዳኝ ሰው አጣሁ ይባላል። ይህ ስሜት ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በስዊዘርላንድ፣ በተለይም በጄኔቫና በዙሪክ፣ ተመላሹን ይበልጥ የሚፈትነው ቤት፣ ሥራና ወረቀት ነው። ሦስቱም የሚበጁትም ሆነ የሚበላሹት ደግሞ ከመነሻው ቀን በፊት ነው።

ከቤት እንጀምር፤ ዋናው እሱ ነውና። የፌዴራሉ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ጁን 1 ቀን በመላ አገሪቱ ባዶ የሆኑ ቤቶችን ይቆጥራል። በ2024ቱ ቆጠራ በጄኔቫ ካንቶን ባዶ የተገኘው 0.46 በመቶ ነበር፤ ከአንድ ሺህ ቤት አምስት እንኳ አይሞላም። በዙሪክ ከተማ ደግሞ 0.07 በመቶ፣ በቁጥር 169 ቤት ብቻ። ይህ ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ለሚኖርባት ከተማ ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ አከራይ ይመርጣል እንጂ አይለምንም። ከአመልካቹ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀቶችን ይፈልጋል፤ ከዕዳ ማስፈጸሚያ ቢሮ ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ኪራዩም ከገቢው ሲሶ ገደማ እንዳይበልጥ ያሰላል። በዚያ ላይ እስከ 3 ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ አለ። ከዓመት ጉዞ የተመለሱ ባልና ሚስት ገንዘብ ቢተርፋቸው እንኳ የደመወዝ ወረቀት የላቸውም። ሥራ እስኪያገኙ ቤት አያገኙም፤ ቋሚ አድራሻ ሳይኖራቸው ደግሞ ሥራ መፈለጉም ሆነ መመዝገቡ ይከብዳል። ብዙ ተመላሾች ወላጆቻቸው ቤት ወይም ጓደኛ ዘንድ ወራት የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ትርፍ ክፍል ተቀምጠው የሚጣሉት ጠብ፣ መንስኤው ጉዞው የለወጠው ማንነት ነው ከማለት በፊት የክፍሉን ስፋት ማየት ይገባል።

ቤቱን ሳይለቅ የሚሄድ ሰው ግን ሕጉ ከጎኑ ይቆማል። የስዊስ የግዴታዎች ሕግ አንቀጽ 262 ተከራይ የተከራየውን ቤት፣ አከራዩን አስፈቅዶ፣ ለሌላ ሰው መልሶ እንዲያከራይ ይፈቅድለታል። አከራዩ እንቢ ሊል የሚችለው ተከራዩ የውሉን ዝርዝር ለመግለጽ ካልፈቀደ፣ ከዋናው ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ያለ አግባብ የሚያተርፍ ከሆነ፣ ወይም ነገሩ በአከራዩ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ነው። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ደግሞ በውሳኔዎቹ አንድ ቁም ነገር አስቀምጧል፤ ተከራዩ ወደዚያ ቤት ለመመለስ እውነተኛ ሐሳብ ያለው መሆን አለበት። ይህን መብት የሚያጠብ ማሻሻያ ኖቬምበር 24 ቀን 2024 ለሕዝብ ውሳኔ ቀርቦ፣ 51.6 በመቶ የሚሆነው መራጭ ውድቅ አድርጎታል። ልዩነቱ ጠባብ ቢሆንም መብቱ እንደ ቆመ ነው። ሆኖም ብዙ ተጓዦች ቤታቸውን የሚያስረክቡት ዕቃ ሸጦ ቁልፍ መመለስ የነጻነት ስሜት ስለሚሰጥ ነው። ያ ስሜት ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም፤ የዙሪክ የቤት ፍለጋ ግን ከዚያ እጅግ ይረዝማል።

ሥራን በተመለከተ ወሳኙ ነገር የጉዞው ርዝመት ነው። የሥራ አጥነት አበል ለማግኘት፣ ሌሎቹ ሁኔታዎች ሲሟሉ፣ ካለፉት 2 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር መዋጮ የተከፈለበት ሥራ መሥራት ያስፈልጋል። እስከ መነሻቸው ቀን ሲሠሩ የቆዩ ባልና ሚስት 11 ወር ዞረው ቢመለሱና ወዲያው ቢመዘገቡ 13 የሥራ ወር ይቆጠርላቸዋል። 14 ወር ቢዞሩ ግን የሚቀራቸው 10 ብቻ ስለሆነ በሩ ይዘጋል። ሦስት ወር የባሕር ዳርቻ ለመጨመር ሲባል ይህን መተላለፊያ ማጣት፣ ካወቁት በኋላ ቢወስኑት ምርጫ ነው፤ ሳያውቁት ከሆነ ግን ኪሳራ ነው። ከአሠሪ ጋር ተነጋግሮ ያለ ደመወዝ ፈቃድ መውሰድ ከተቻለ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ የሚመለሱበት ወንበር አለና። ጡረታው ቀለል ያለ ነው። በጄኔቫ አቬኤስ፣ በዙሪክ አሃፋው የሚባለው የመንግሥት ጡረታ ሙሉ እንዲሆን 44 የመዋጮ ዓመታት ይፈልጋል፤ አንድ ዓመት ሲጎድል ከአርባ አራት አንድ እጅ ገደማ ይቀነሳል። ከነዋሪነት መዝገብ ሳይሰረዝ የሄደ ሰው የጎደለውን በ5 ዓመት ውስጥ ከፍሎ መሙላት ይችላል። የጤና መድኑም በዚሁ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ነዋሪነቱን ያላሰረዘ ሰው በ2025 በአገር ደረጃ በአማካይ 378.70 ፍራንክ የነበረውን ወርሃዊ ክፍያ፣ ተራራ ላይም ሆኖ መክፈሉን ይቀጥላል። ያሰረዘ ከዚህ ይገላገላል፤ ሲመለስ በ3 ወር ውስጥ መድን ይገባል። ስዊስ ዜጋ ለሆኑ ባልና ሚስት እንግዲህ መሰረዝ ወይም አለመሰረዝ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

የስዊስ ዜግነት ለሌለው ሰው ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢም ይበልጥ የሚጠቅመው ይህኛው ነው። በውጭ አገር ዜጎች ሕግ አንቀጽ 61 መሠረት ሲ ፐርሚት (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) ወይም ቢ ፐርሚት (በየጊዜው የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ) የያዘ ሰው ወጥቻለሁ ብሎ ከተሰረዘ ፈቃዱ የሚያበቃው በዚያው ነው። ሳይሰረዝ ቢሄድም ውጭ አገር 6 ወር ከሞላው ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ደብዳቤ አይጻፍለትም፤ ችሎት አይቆምም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ደግሞ በአምስተኛው ወር ለአንድ ሳምንት ጄኔቫ ብቅ ብለው ሲመለሱ ቆጠራው እንደ አዲስ የሚጀምር ስለሚመስላቸው ነው። ለጉብኝት ወይም ለጥየቃ የተደረገ አጭር ምላሽ ስድስቱን ወር አያቋርጥም። ሲ ፐርሚት ያለው ሰው መውጫ ተሰጥቶታል፤ አስቀድሞ ካመለከተ ፈቃዱ እስከ 4 ዓመት ሊጠበቅለት ይችላል። ቢ ፐርሚት ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ባልየው ሲ፣ ሚስቲቱ ቢ ቢሆኑ፣ በአንድ ቦርሳና በአንድ ትኬት የወጡ ሁለት ሰዎች ሲመለሱ አንዱ ነዋሪ፣ አንዷ ቪዛ ጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ዜግነት ለማግኘት የ10 ዓመት ነዋሪነት እየቆጠረ ላለ ሰውም ከ6 ወር በላይ ውጭ መኖር ነዋሪነቱን እንደማቋረጥ ይታያል።

የስሜቱን ጉዳይ አቃለልኩት የሚል ሊኖር ይችላል። የኖርዌዩ ተመራማሪ ስቬሬ ሊስጋርድ ወደ አሜሪካ ሄደው የነበሩ የአገሩን ምሁራን አጥንቶ በ1955 ባወጣው ጽሑፍ፣ እንግዳ አገር የገባ ሰው ስሜት መጀመሪያ ደስታ፣ ከዚያ ጭንቀት፣ በመጨረሻ መላመድ መሆኑን ጽፏል። በ1963 ጆንና ጂን ጋላሆርን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይኸው ቁልቁለትና ዳገት ወደ አገር ሲመለሱም እንደሚደገም ተናግረዋል። ሐሳቡ ዛሬም በየቦታው ይጠቀሳል። ነገር ግን የተጠኑት ተማሪዎችና ምሁራን እንጂ በፈቃዳቸው ሥራ የለቀቁ ተጓዦች አልነበሩም፤ በኋላ የመጡ ጥናቶችም መስመሩ ለሁሉም እንደማይሠራ አሳይተዋል። የእኔ ፍርድ፣ ቁልቁለቱ እውነት ቢሆንም ጥልቀቱን የሚወስነው ሰውየው የት ሆኖ እንደሚወርደው ነው የሚል ነው። የራሱ አልጋና የሰኞ ጧት ሥራ ያለው ሰውም ይከፋዋል፤ ቤት የሌለው ግን ኀዘኑንና የቤት እጦቱን መለየት ያቅተዋል። ባልና ሚስት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ሁለቱ እኩል አይመለሱም። አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ጀምሮ ሲረሳ፣ ሌላው ካርታ እየዘረጋ ይቆያል። ይህን ሕግ አይፈታውም። በጋራ የሚኖሩበት በር ሲኖር ግን ለመነጋገር ጊዜ ይገኛል።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ፣ መመለሻውን ያሰናዳ ሰው በእውነት አልሄደም የሚለው ነው። ምሳሌውም ከራሷ ከጄኔቫ ይመጣል። ኒኮላ ቡቪዬ በ1953 በትንሽ ፊያት መኪና ከጄኔቫ ወጥቶ፣ ከሠዓሊው ጓደኛው ከቲዬሪ ቬርኔ ጋር በዩጎዝላቪያ፣ በቱርክና በኢራን አድርጎ አፍጋኒስታን ደረሰ። ገንዘባቸው ጥቂት፣ ዕቅዳቸውም ልቅ ነበር። ቬርኔ ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ቀድሞ እጮኛውን ፍሎሪስቴላ ስቴፋኒን እዚያው አገባ፤ ቡቪዬ እስከ ጃፓን ዘልቆ በ1956 ተመለሰ። ይህን የሚያነሡ ሰዎች ከምላሹ በኋላ ያለውን ይዘሉታል። ቡቪዬ ስለ ጉዞው የጻፈውን መጽሐፍ አሳታሚ ስላጣ በ1963 በራሱ ወጪ አሳተመው፤ ስለ ሲሎን የጻፈው ደግሞ የወጣው ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እንጀራውን ያገኘው ለመጻሕፍትና ለድርጅቶች ሥዕልና ምስል እየፈለገ ነው። ያም ሆኖ አባቱ የጄኔቫ ቤተ መጻሕፍት ሰው የነበሩ የከተማዋ ልጅ ነው፤ መመለሻውን ያላሰናዳው ቤተሰቡ አሰናድቶለት ስለቆየ ነው። ያ የሌለው ሰው ለራሱ ማሰናዳት አለበት። መመለስ ለማይፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ስዊሶቹ ኤሚልና ሊሊያና ሽሚድ በ1984 ለአንድ ዓመት ብለው በቶዮታ ላንድ ክሩዘር ወጥተው፣ ዓመቱ አሥርተ ዓመታት ሆኖ የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። እነሱ የመረጡት ያንን ነው፤ ለመመለስ እያሰበ ለማይዘጋጅ ሰው ግን ማስረጃ አይሆኑም።

ይህ ሁሉ የጠገበ ፈረንጅ ወግ ነው፣ ሐበሻ ዓመት ሙሉ ቦርሳ አዝሎ አይዞርም ሊባልም ይችላል። ወጉ እየተለወጠ መሆኑን እንተወውና፣ ሕጉ የመውጫውን ምክንያት አይጠይቅም። የታመሙ እናቱን ለማስታመም፣ አዲስ አበባ የጀመረውን ቤት ለማስጨረስ ወይም ላሊበላንና ስሜንን ከባለቤቱ ጋር ረግቶ ለማየት የሄደ ሰው በስድስት ወር ደንብ ፊት ሒማላያን ከሚዞረው ጋር አንድ ነው። ጥገኝነት ያገኘ ስደተኛ ከሆነም ወደ አገር ቤት መሄዱ ራሱ የተከለከለ ስለሆነ ነገሩ ከሁሉም ይጠብቃል። እንግዲህ በለዛቫንሼም ሆነ በዙሪክ ያላችሁ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በጄኔቫ የካንቶኑን የነዋሪዎች ቢሮ፣ በዙሪክ ክራይስቢሮ የሚባለውን የነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ ጠይቁ፤ ለአከራያችሁም በጽሑፍ አሳውቁ። ከቁጠባችሁም የ4 ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ሳትነኩ ተዉ። ሲ ፐርሚትን ለማቆየት የሚቀርበው ማመልከቻ ስድስቱ ወር ከማለቁ በፊት ካልገባ ተቀባይነት የለውም።