ለዘማች ተማሪ ምን ይሰነቅለት?

በሰኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅዎ «እማዬ፣ ጓደኞቼ አደጋ ወደ ደረሰበት አገር ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሊሄዱ ነው፤ እኔም እሄዳለሁ» ቢልዎት በጉለሌ ቤት መጀመሪያ የሚደረገው የታወቀ ነው። ገብስ ይታመሳል፤ በሶ ይፈጫል፤ ዳቦ ቆሎ ይቆላል፤ ከሽሮ ሜዳም አንድ ጋቢ ይገዛል።

ይህ አይነቀፍም። በጥንቱ ዘመቻ ስንቁ ያለቀበት ወታደር የሚበላው ከባላገሩ ጐተራ ነበርና ባላገሩ ብዙ ያማርር ነበር። ዛሬም ጐርፍ ወይም ድርቅ የጐዳው ሰው የቀረችውን ጥቂት ውሃ ለእንግዳ ቡና ያፈላባታል እንጂ ባዶ አፉን አይሰደውም። እንግዳው ስንቁን ይዞ ከሄደ ለዚያ ቤት አንድ ሸክም አቀለለ።

የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ይህ ገብቷቸው ነበር። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ ቁርሳቸውን ትተው ገንዘቡ ለተራበው እንዲሆን አድርገዋል። አስቀድሞም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪ ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግል ነበር፤ የሚበዙት በአስተማሪነት ነው። በ1977 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ወርደው ለሠፋሪዎች ጎጆ ሠርተዋል።

እዚያ ቆላ ጋቢው እምብዛም አይጠቅምም። የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ያህል ናት፤ በደጋ ያደገ የጉለሌ ልጅም ሰውነቱ ወባን አልለመዳትም። ስለዚህ ከጋቢው በፊት አጎበር ይታሰብ። ወባ ከተነደፉ በኋላ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቃ ትቆያለችና ልጁ ቤቱ ከገባ በኋላ ቢያተኩሰው «ምች ነው» ብለው በዳማከሴ ብቻ አይለፉት። ደሙን ያስመርምሩ፤ የሰነበተበትንም አገር ለሐኪሙ ይናገር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በሻንጣ አይያዝም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከብዙ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ሰው ቀበረ። ጎረቤቱ ተጠራርቶ ደርሶ በአካፋና በባዶ እጁ ሲቆፍር አፈሩ ዳግመኛ ተንዶ ሊያወጡ የመጡትን ዋጣቸው። የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። የገዛ ወገናቸውን ጩኸት ሰምተው የሮጡትን ማን ይወቅሳቸዋል? ከአዲስ አበባ የሚነሣ ተማሪ ግን ለመጠየቅ ጊዜ አለው። አለቃችን ማን ነው? ሥፍራው ደኅና መሆኑን ያየው ማን ነው? የአገሩ ሰው ከእኛ የፈለገው ሥራስ ምንድን ነው? መልስ የሌለው ጉዞ ከሆነ፣ ልጅዎ ቢያኮርፍም፣ አንድ ሳምንት ይቆይ። ከሄደም በኋላ ዝናብ እየዘነበ ከተናደ ገደል ሥር እንዳይቆም፣ የአገሬው ሽማግሌ «ተመለስ» ሲለውም እንዳይከራከር አጥብቀው ይንገሩት።

በሶው ይጨመርለት። ሁለት ኪሎ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የሚሸከምለት ሰው ይፈልጋል።