ሞተር ሰዓቱን ሲስት



ጊዜን መጠበቅ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመኪና ሞተርም ሕግ ነው። የጽሕፈት ቤት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይኸን ለመረዳት አይቸገርም። ደብዳቤው በሚገባ ቢጻፍ፣ ወረቀቱም ንጹሕ ቢሆን፣ ፊርማውና ማኅተሙ በየተራቸው ካልደረሱለት ጉዳዩ አይፈጸምም። ሞተርም እንዲሁ ነው። ቤንዚኑ ንጹሕ፣ ባትሪው ብርቱ፣ ካንዴላው አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አየር የሚገባበትና ጢስ የሚወጣበት በር የሚከፈትበት ሰዓት ከተዛባ፣ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ሥራው ይጓደላል። ዛሬ የምንነጋገረው ይኸን ሰዓት ስለሚጠብቀው፣ ካምሻፍት ስለሚባለው ዘንግ ነው፤ ይኸውም ሰዓቱ ሲዛባ ምልክቱ ምን እንደ ሆነና ጥፋቱ በምን ሥርዓት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው።

ይህ ነገር የመካኒኮች እንጂ የእኔ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አንድ ቀን ማለዳ በኮልፌ በኩል ይለፍ። በአሥራ ስምንት ማዞሪያም ሆነ በአጠና ተራ፣ እንዲሁም በአየር ጤና አድርጎ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ ኮፈናቸው ተከፍቶ የቆሙ መኪናዎችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከነዚህም መካከል ዕድሜያቸው ከነጂዎቻቸው ዕድሜ የማያንስ ይገኛሉ። መለዋወጫ ዕቃ ሲያስፈልግ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ይኬዳል፤ ዋጋውም ለወር ደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ በ2016 ዓ/ም መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ካምሻፍትም ቫልቭም የለውም። በእጃችን ያለውን የቤንዚን ወይም የናፍጣ መኪና ግን ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል። በሞተር ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ሁሉ፣ በጊዜው ቢታወቅ በትንሽ ገንዘብ የሚድን፣ ቢዘገይ ግን ሞተሩን እስከ መፍታት የሚያደርስ እንደ ካምሻፍት ሰዓት መዛባት ያለ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ አሠራሩን እንመልከት። በሞተር ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ዘንጎች አሉ። አንደኛው ክራንክሻፍት ሲሆን፣ ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሱ የሚያሽከረክሩት እርሱን ነው። ሁለተኛው ካምሻፍት ነው፤ በላዩ እንደ እንቁላል ወደ አንድ ወገን የሾሉ ጉብታዎች አሉበት። ጉብታው ሲዞር ቫልቩን ይገፋዋል፣ በሩም ይከፈታል፤ ጉብታው ሲያልፍ ሞላው ቫልቩን መልሶ ይዘጋዋል።

ፒስተን ሥራውን ለመፈጸም አራት ጊዜ ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያው አየርና ቤንዚን ይስባል፤ በሁለተኛው ያምቃል፤ በሦስተኛው በእሳቱ ኃይል ይገፋል፤ በአራተኛው ጢሱን ያስወጣል። በነዚህ አራት እንቅስቃሴዎች ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቫልቭ ግን ሊከፈት የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ካምሻፍት በክራንክሻፍት ፍጥነት እኩሌታ እንዲዞር ተደርጓል። የክራንክሻፍቱ መዘውር 20 ጥርስ ቢኖረው፣ የካምሻፍቱ 40 ይሆናል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በአንድ ሰኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በዚህ ፍጥነት ውስጥ ማገናኛው አንዲት ጥርስ እንኳ ቢዘል፣ 360 ዲግሪ ለ20 ተካፍሎ የክራንክሻፍቱ ስሕተት 18 ዲግሪ ይሆናል። ይህም ሞተሩን ለማድከም ከበቂ በላይ ነው።

ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘው ነገር እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። በአዲስ አበባ ብዙ ዘመን ያገለገለው የቀድሞው ቮልስዋገን ጥርስ ከጥርስ ጋር ተናክሶ የሚዞርበት ነው፤ ካቴናም ቺንጋም የለውም። በሰማያዊና በነጭ ቀለም በታክሲነት የምናውቀው የላዳ አባት፣ ከ1970 ዓ/ም (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ጀምሮ የተሠራው የመጀመሪያው ላዳ፣ በፊያት 124 መልክ የተሠራ ቢሆንም ካምሻፍቱ ከላይ፣ በቴስታታው ላይ ተቀምጦ በካቴና የሚዞር ነው። ቶዮታ ቪትዝም በካቴና ይሠራል። በሚኒባስ ታክሲነት የሚያገለግሉት የቶዮታ ሃይኤስ የቆዩ የናፍጣ ሞተሮች ግን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ አላቸው፤ ያው ቺንጋ የናፍጣውን ፓምፕ ጭምር ያዞራል። ባለ መኪና ሁሉ የእርሱ ሞተር ከነዚህ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዋል፤ የጥበቃው ሥርዓት በዚህ ይለያልና።

ካቴና ብረት ስለ ሆነ ዕድሜው ረዥም ነው፤ ሕይወቱ ግን ዘይት ነው። ዘይቱ ሲያንስ ወይም ሳይለወጥ ሲቆሽሽ መጋጠሚያዎቹ ይበላሉ፣ ካቴናውም ይረዝማል። ብዙዎቹ የካቴና ወጣሪዎች የሚገፉት በዘይት ኃይል ስለ ሆነ፣ ዘይቱ ሲደክም ወጣሪውም ይደክማል። ቺንጋ ደግሞ ከጎማና ከክር የተሠራ ስለ ሆነ በሥራም በዕድሜም ያረጃል። ዘይት ቢነካው ይለሰልሳል፣ ጥርሶቹም ይረግፋሉ። መኪናው በግቢ ውስጥ ቆሞ ቢከርምም ጎማው ማርጀቱን አይተውም።

ሰዓቱ ሲዛባ የሚታዩት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው። ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራል፤ ከተነሣም በኋላ ቆሞ ሳለ ይንቀጠቀጣል። ዳገት ላይ ኃይል ያጣል፤ ቤንዚንም ከልክ በላይ ይጠጣል። በካርቡራተሩ ወይም በማርሚታው በኩል የሚፈነዳ ድምፅ ይሰማል። በካቴና የሚሠራ ሲሆን፣ ጧት በብርድ ሲነሣ ከፊት በኩል የመንቀጫቀጭ ድምፅ ያሰማል። በዘመኑ መኪናዎች ደግሞ የሞተሩ መብራት ይበራል፤ መርማሪው መሣሪያ ሲገጠም ፒ 0016 የሚል ቍጥር ቢያሳይ፣ የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ አቀማመጥ አልተስማማም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ በሌላም ምክንያት ይመጣሉ። የተበላ ካንዴላ፣ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ይኸንኑ ያደርጋሉ። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ካንዴላ፣ ነገ ፓምፕ፣ ከነገ ወዲያ ካርቡራተር እየተለወጠ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ ጥፋቱ አንዲት የዘለለች ጥርስ ሆና ትገኛለች። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ምርመራው ከቀላሉ ጀምሮ በተራ መሄድ አለበት።

አንደኛ፤ ታሪኩን መጠየቅ ነው። ችግሩ የጀመረው መቼ ነው? ቺንጋ ወይም የውሃ ፓምፕ ከተለወጠ ወይም ቴስታታ ከወረደ በኋላ ወዲያው ከሆነ፣ ሲገጠም ምልክቱ ሳይገጥም ቀርቶ ይሆናልና ጥርጣሬው ወደዚያ ያመራል። ቀስ በቀስ ከመጣ ግን የካቴና መርዘም ወይም የሌላ ዕቃ ማለቅ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፤ ዘይቱን፣ ባትሪውን፣ ካንዴላውንና የአየር ማጣሪያውን መመልከት ነው። በተለይ ዘይቱ ሊናቅ አይገባም። በአዳዲስ ሞተሮች የካምሻፍቱን ሰዓት እንደ ፍጥነቱ የሚያስተካክለው መሣሪያ የሚሠራው በዘይት ስለ ሆነ፣ ያነሰ ወይም የጠቆረ ዘይት ብቻውን የሰዓት መዛባት ያስከትላል።

ሦስተኛ፤ ሞተሩ በጕዞ ላይ ሳለ በድንገት ጠፍቶ እንደ ሆነ፣ ሞተሪኖው ሲያዞረው ድምፁን ማዳመጥ ነው። እንደ ወትሮው ሳይከብደው በቀላሉና በፍጥነት የሚዞር ከሆነ፣ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ቁልፉን መተው ይገባል። በብዙ ሞተሮች፣ በተለይም በናፍጣዎቹ፣ ፒስተንና ቫልቭ አንዱን ስፍራ በየተራ የሚጠቀሙ ስለ ሆኑ፣ ሰዓቱ ሲጠፋ ይጋጫሉ፤ ቫልቩም ይታጠፋል። ቁልፉን ደጋግሞ ማዞር ጉዳቱን ይጨምራል እንጂ አይጠቅምም። ካምሻፍታቸው ከላይ በሆኑት በብዙዎቹ ሞተሮች፣ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፍቶ ክራንክሻፍቱ በእጅ ጥቂት ሲዞር ካምሻፍቱ አብሮ መንቀሳቀሱን ማየት ይቻላል።

አራተኛ፤ ኮምፕሬሽኑን መለካት ነው። በዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የፋብሪካው መጽሐፍ 12 ባር የሚል ከሆነ፣ በኮልፌ ጤነኛው ሞተር 9 ባር አካባቢ ቢያሳይ አያስደንቅም። ይኸን ሳይገነዘቡ ሞተሩ አርጅቷልና ይፈታ ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ጠቃሚው ነገር ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማወዳደር ነው። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ፣ የታጠፈ ወይም የተቃጠለ ቫልቭ፣ አለዚያም የተበላ የፒስተን ቀለበት ይጠረጠራል። ከፍታው ከሚቀንሰው በላይ ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ግን፣ የካምሻፍቱ ሰዓት መዛባት ከመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ነው።

አምስተኛ፤ መሸፈኛውን አውጥቶ ምልክቶቹን መመልከት ነው። በሁለቱም መዘውሮች ላይ ፋብሪካው ያስቀመጣቸው ነጥቦች ወይም ጭረቶች አሉ። ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ክራንክሻፍቱ በቁልፍ በእጅ፣ ሁልጊዜም በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። በመካከሉ አንዳች ነገር ቢይዘው ማቆም እንጂ ማስገደድ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ካምሻፍት በእኩሌታ ፍጥነት ስለሚዞር፣ የሁለቱ ምልክት አብሮ የሚገጥመው ክራንክሻፍቱ በዞረ በየሁለተኛው ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር የካምሻፍቱ ምልክት በተቃራኒው ወገን ቢታይ ሌላ አንድ ዙር መጨመር እንጂ ቺንጋውን ማውለቅ አያስፈልግም። በውጭኛው መዘውር ላይ ያለው ምልክት ደግሞ ሁልጊዜ አይታመንም፤ በመካከሉ ጎማ ያለው ሲሆን የውጭው ቀለበት ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ በአንደኛው የካንዴላ ቀዳዳ በኩል የማይሰበር ቀጭን ዘንግ አስገብቶ፣ ፒስተኑ በእርግጥ ከላይ መድረሱን ማረጋገጥ መልካም ነው።

ምልክቶቹ ሳይገጥሙ ቢገኙ፣ መልሶ ማግጠም ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ጥርስ ያለ ምክንያት አይዘልም። ወጣሪው ደክሟል ወይ? ካቴናው ረዝሟል ወይ? ቺንጋው ዘይት ነክቶታል ወይ? የውሃ ፓምፑ ይንጠባጠባል ወይ? መዘውሩን ከዘንጉ ጋር የሚያይዘው ትንሽ ብረት ተበልቷል ወይ? ይህ ሳይመረመር የተዘጋ ሞተር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይከፈታል። ከተገጠመ በኋላም፣ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት፣ ሁለት ዙር በእጅ ዞሮ ምልክቶቹ እንደ ገና መግጠማቸው ይታይ። ይህች የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ስንት ቫልቭ ታድናለች!

በመጨረሻም ስለ ጥበቃ ጥቂት እንበል። የመንግሥት ሠራተኛ ፋይል መያዝ ልማዱ ነው፤ ለመኪናውም አንዲት መዝገብ ይክፈትለት። ቺንጋው የተለወጠበት ቀንና በዚያ ቀን የተቈጠረው ኪሎ ሜትር ይጻፍ። የመለወጫው ልክ በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ተነግሯል፤ በብዙ ሞተሮች ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በዓመታት ብዛት ይለወጣል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የቺንጋውን ታሪክ ካላገኘ፣ አልተለወጠም ብሎ መቍጠር ይበጀዋል። ቺንጋ ሲለወጥ ወጣሪው አብሮ ይታይ፤ የውሃ ፓምፑም በዚያው ቺንጋ የሚዞር ከሆነ አብሮ ይመርመር፤ ለሁለቱም የሚከፈለው የእጅ ዋጋ አንድ ነውና። የወለቀውንም አሮጌ ቺንጋ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የተሰነጠቀውን ጎማ በዓይን ማየት የሚቀጥለውን ጊዜ ያስታውሳል። ካቴና ያለው ደግሞ ዘይቱን በጊዜው ይለውጥ።

ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ ይላል የአገራችን ሰው። ቺንጋን በቀኑ መለወጥ አንድ ቀን ሥራ ማስፈታቱና ጥቂት ብር ማስወጣቱ እውነት ነው። ቀኑ ያለፈበት ቺንጋ ግን የሚበጠሰው በእኛ ምርጫ አይደለም፤ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ስናደርስ፣ ወይም በሽተኛ ይዘን በሌሊት ስንሄድ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፣ ነገ ኮፈኑን ስትከፍቱ በመጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የመኪናዬ ቺንጋ ወይም ካቴና መቼ ታየ? መልሱ በመዝገብ ከሌለ፣ ወደ መካኒኩ የምትሄዱበት ቀን ዛሬ ነው።