ከማየት ወደ ረቂቅ ሥዕል

ባለፈው ዓመት በግቢያችን በተደረገ አንድ የተማሪዎች የሥዕል ትርኢት ላይ፤ ቀይና ጥቁር ብቻ ከተቀባ ሸራ ፊት ቆመን ሳለ፤ አንድ ተማሪ ከኋላችን «ይህንንማ የአክስቴ ሕፃንም ይሞነጭረዋል» ሲል ሰማነው። አብረነው ሳቅን። ሥዕሉ ግን የኛው የሦስታችን ነበር፤ ይህንንም ሳንነግረው ወጣን።

ያሳፈረን ሥዕሉ ረቂቅ መሆኑ አልነበረም፤ ባዶ መሆኑ ነው። ከትርኢቱ በፊት ባለው ሳምንት በዩኒቨርሲቲው ሥር ባለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል የሠዓሊውን ሥራዎች አይተን፤ እሱ በብዙ ዓመት የደረሰበትን ቦታ እኛ በአንድ ምሽት ልንደርስበት ፈልገን ነበር። እንግዲህ ውድ አንባብያን፤ የዘለልነው መንገድ ምን እንደ ሆነ ከዚያ ወዲህ የተረዳነውን ያህል እንገልጻለን።

ረቂቅ የምንለውን ሥዕል ፈረንጆች አብስትራክት ይሉታል። የቃሉ መነሻ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ ከአንድ ነገር ላይ መሳብ፤ ነጥሎ ማውጣት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚነጠልበት ነገር መኖር አለበት። ሆላንዳዊው ፒየት ሞንድሪያን ዛሬ የሚታወቀው በቀጥታ መሥመሮቹና በቀይ፤ በቢጫ፤ በሰማያዊ አራት ማዕዘኖቹ ነው። ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1912 ባሉት ዓመታት ደጋግሞ ዛፍ ሲሥል ነበር። በመጀመሪያ ግንዱና ቅርንጫፉ የሚታወቅ ቀይ ዛፍ ሣለ፤ በ1911 ዛፉ ግራጫ ሆኖ ቅርንጫፎቹና በመካከላቸው ያለው ሰማይ እኩል ክብደት ያዙ፤ በ1912 የአበባ ጊዜ የፖም ዛፍ ሲሥል የቀሩት የጎበጡ መሥመሮች ብቻ ናቸው። ዛፉን የጣለው ስላላወቀው ሳይሆን ጠንቅቆ ስላወቀው ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉን አሉ። በቢቸናም ሆነ በሞጣ አካባቢ ወዳለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ግድግዳውን ያየ ሰው ግን እንዲህ ለማለት የሚቸኩል አይመስለንም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፤ ክፉዎች በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን የወሰነው የሠዓሊው አሳብ እንጂ የሚያየው ሰው መልክ አይደለም። ክታብንም እንውሰድ፤ በብራና ላይ የሚያፈጡት ዓይኖችና በየማዕዘኑ የሚጠላለፉት መሥመሮች ማንንም አይመስሉም፤ ኃይላቸውም ከዚያ የመጣ ነው። እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስ ሳለና ከዚያም በኋላ በሥራዎቹ ውስጥ ይህንኑ ክታብ መልሶ አምጥቶታል።

የገብረ ክርስቶስ ታሪክ ደግሞ ለኛ ለተማሪዎች ይቀርባል። በ1932 (አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር) ሐረር ተወለደ፤ አባቱ የብራና መጻሕፍት ሠዓሊ የነበሩ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው። በቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እርሻ መማር ጀምሮ ተወው። (ቤተ ሰቡ ምን እንዳለው መገመት ለማናችንም አያዳግትም።) ከዚያ ጀርመን አገር ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረና በ1962 ተመልሶ፤ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። «ጎልጎታ» የተባለው የ1963 ሥራው የስቅለት ሥዕል ነው፤ ሆኖም ሥቃዩን የሚናገረው ከሁሉ በላይ ቀዩ ቀለም ነው። በ1981 በስደት በአሜሪካ አረፈ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በጥር ዕረፍት ወደ አገራችን ወደ የጁቤ ስንሄድ የከሰል እርሳስና ጥቂት ቀለም ይዘን ነበር። ከከተማው ወደ ደቡብ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ያዘቀዝቃል፤ እኛም አፋፉ ላይ ተቀመጥን። በመጀመሪያው ቀን ያየነውን ሁሉ ሣልን፤ ግራሩን፤ ድንጋዩን፤ መንገዱን፤ ከቆላ ጭነት ይዘው የሚወጡትን አህዮች ሳይቀር። ድካሙ ብዙ፤ ሥዕሉ ግን እንደ ዕቃ ዝርዝር ነበር።

በሁለተኛው ቀን ዓይናችንን ጨፈን አድርገን አየን። ይህ ቀላል ዘዴ ነው፤ ማንም ዛሬውኑ በመስኮቱ ሊሞክረው ይችላል። ዓይን ሲጠብ ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል። ለኛም ሦስት ነገር ብቻ ቀረ፤ በፀሐይ የነጣው የደጋው ማሳ፤ የጠቆረው ገደል፤ በጭጋግ የደበዘዘው ቆላ። በሦስት እርከን ብቻ ስንሥለው ከትናንቱ ይልቅ በረሃውን መሰለ።

በሦስተኛው ቀን ወደ አፋፉ አልሄድንም። በቤት ግቢ ተቀምጠን የሠራነውን ወረቀት ሁሉ ሰውረን ከትዝታ ቀባን። ትልቅ ብሩሽ ስላልነበረን በጨርቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ክርክር ተነሣ። ሩቅ ነገር ለዓይን ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ሰማያዊም በሥዕል ውስጥ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቀይና ብርቱካናማ ግን ወደ ፊት ይመጣሉ። በዚህ ደንብ ቆላው ሰማያዊ መሆን ነበረበት፤ ያለፉትን ሁለት ቀናትም ያየነው እንደዚያው ነው። ነገር ግን በትዝታችን የቀረው ከታች ፊታችንን የሚመታው ወላፈን ነበር። ስለዚህ ታቹን ቀይ አደረግነው። ከሩቅ ወደ ሰው የሚመጣ ገደል ሆነ፤ እግር የሚያርደውም ይኸው ነበር። በትርኢቱ ላይ የነበረው ቀይ ያማረ ቀለም ብቻ ነበር፤ ይኸኛው ቀይ ግን በሰማያዊ ፋንታ የተቀመጠ ነው፤ ልዩነቱንም ያገኘነው ሰማያዊውን ሁለት ቀን ካየን በኋላ ነው። (ይህ መጽሔት በማባዣ ስለሚወጣ ቀለሙን ልናሳያችሁ አልቻልንም፤ አዝነናል።)

የአንዳችን አያት ከእርሻ ሲመለሱ ሸራውን አዩት።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ።

«የዓባይ በረሃ ነው፤ አባባ።»

«ወንዙስ?»

«አልሣልነውም።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «መቼስ ከአፋፉ ላይ ወንዙ አይታይም» አሉ። ልባችን ሞቀ። ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ ግን መለስ ብለው «አህዮቹን መተዋችሁ ግን ደግ አላደረጋችሁም፤ ያለነሱ ዳገቱ በምን ይታወቃል?» አሉን።

አስበን አስበን እውነታቸውን ሆኖ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ በቀዩ ላይ ሦስት ግራጫ ጭረት አድርገናል፤ ሁለቱ የሚወጡ ይመስላሉ፤ ሦስተኛው ግን እስካሁን እንደ ቆመ ነው።