ጎሉን ከሬዲዮው በፊት ቴሌግራም ነገረን

ማታ ሬዲዮ ከፍቶ የአርሴናልንና የማንቸስተርን ውጤት መጠበቅ ድሮ ቀረ። አሁን የስፖርት አፍቃሪው ጎሉን ታክሲ ውስጥ በቴሌግራም አይቶ፣ ተከራክሮበት ቤቱ ሲገባ ነው ጋዜጠኛው «ትኩስ ዜና» ብሎ የሚያነብለት። ያውም ከኢንተርኔት ተርጉሞ! ታዲያ ማን ይስማው?

የኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን ፌስቡኩንም ቴሌግራሙንም ከፍተዋል። ችግሩ የሚለጥፉት ያንኑ ሁሉም ዘንድ ያለውን የዝውውር ወሬ መሆኑ ነው። ሌላው የሌለው ነገር ግን እጃቸው ላይ አለ፤ ድምፅ። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ እንዳለቀ መልበሻ ክፍል በር ላይ የቆመ ሪፖርተር አሰልጣኙን በስልኩ ቀድቶ ሁለት ደቂቃ ቢለቅ ማን ይቀድመዋል? በ2013 ዓ.ም. ሱፐርስፖርት ፕሪሚየር ሊጉን ማስተላለፍ ሲጀምር የጎል ምስል ባለቤት እንዳለው ሁሉም አወቀ። ቃለ ምልልሱ ግን የጣቢያው ነው።

የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ ሩቅ አይሄድም። ያው ድምፅ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ቤይሩት ያለችው የቡና ደጋፊም በእረፍት ቀኗ ትሰማዋለች፤ ከቪዲዮ ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው። አንዳንዱ ጣቢያ ግን ሙሉ ፕሮግራሙን ከነማስታወቂያው ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል። ኧረ እባካችሁ ቁረጡት!