“አደጋው በእጥፍ ይጨምራል” ሲባል ከስንት ወደ ስንት?

“ይህ መድኃኒት የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራል” የሚል ዜና ስልካችሁ ላይ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1995 እንግሊዝ ውስጥ ስለ አዳዲስ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች እንዲህ ተባለ። ብዙ ሴቶች ደንግጠው መውሰድ አቆሙ። በቀጣዩ ዓመት ውርጃ በሺዎች ጨመረ።

ቁጥሩ ግን ምን ነበር? የቀድሞውን እንክብል ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ደም የሚረጋባት 1 ገደማ ነበረች፤ በአዲሱ 2 ሆኑ። “እጥፍ” ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉውን አይናገርም። እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት አደጋው ከእንክብሉ ይበልጣል!

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጤና ጋዜጠኝነት ሲሰጥ ከዋና ዋና ትምህርቶቹ አንዱ ይሄው ነው፦ “ከስንት ወደ ስንት?” ብሎ መጠየቅ።

እናንተም ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ። መድኃኒት ከማቋረጣችሁ በፊት ደግሞ ሐኪማችሁን አማክሩ።

መልካም ጤና!